ሬኔ ዴካርትና ከፍ ብላ የምትጻፈው ቁጥር

በኮምፒዩተር የተጻፈ የሒሳብ ፈተና ሲታደል 10³ የነበረው 103 ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ተማሪው ታዲያ ምን ያድርግ? ያየውን ይሠራል፤ አንድ ሺው መቶ ሦስት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለዛሬው ዓምዳችን ያቺን ትንሽ ቁጥር፣ አርቢዋን፣ ከመሠረቷ ትከሻ ላይ ያስቀመጠውን ሰው ሕይወት መርጠናል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንሰጣለን።

ሬኔ ዴካርት ማርች 31 ቀን 1596 በፈረንሣይ አገር፣ ላ ሄ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። እናቱ የሞተችው ገና ዓመት ካለፈው በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። ጤናው ደካማ ስለነበረ በላ ፍሌሽ የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ሲማር ጠዋት ጠዋት አልጋው ላይ እንዲቆይ ተፈቅዶለት ነበር። (ይህን ያነሣነው ለሰልጣኞቻችን አርአያ ይሁን ብለን አይደለም!) በ1616 በሕግ ተመረቀ፤ በ1618 ግን ሆላንድ ሄዶ ወታደር ሆነ። እዚያ ብሬዳ ከተማ ውስጥ ከአይዛክ ቤክማን ጋር ተዋወቀና የሒሳብ ፍቅር አደረበት። ከ1628 በኋላ መኖሪያውን ሆላንድ አደረገ። በ1633 ጋሊሌዮ መፈረዱን ሲሰማ ስለ ዓለም አፈጣጠር የጻፈውን መጽሐፍ ሳያሳትም አስቀመጠው።

ለእኛ ዋናው ነገር የመጣው በ1637 ነው። በዚያ ዓመት ስለ አስተሳሰብ ዘዴ የጻፈው መጽሐፍ ላይደን ከተማ ታተመ፤ የራሱን ስም እንኳ አላወጣበትም። ከኋላው ከተያያዙት ሦስት ድርሳናት አንዱ ጂኦሜትሪ ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው ቪዬት ካሬና ኪዩብ የሚሉትን በላቲን ቃል ከፊደሉ ቀጥሎ ይጽፍ ነበር። ሌሎችም ቁጥር ሞክረዋል፤ ኤሪጎን በ1634 ቁጥሩን ከፊደሉ ጎን፣ እዚያው መስመር ላይ አስቀመጠው። ልክ እንደ ተበላሸው ፈተናችን ማለት ነው! ዴካርት ግን ቁጥሯን አሳንሶ ከፍ አደረጋት።

ነገሩ የጽሕፈት ማማር ብቻ አይደለም። በድሮው አስተሳሰብ ሀ² ስፋት፣ ሀ³ ይዘት ነው፤ ሀ⁴ ሲመጣ የሚሣል ቅርጽ ይጠፋል። ዴካርት ሁሉም እንደ አንድ መስመር ርዝመት ሊታይ እንደሚችል አሳየ። ያን ጊዜ አርቢዋ ስንት ጊዜ ሀ እርስ በርሱ እንደተባዛ የምትቆጥር ሆነች፤ አራትም አምስትም ብትል የሚያግዳት የለም። የሚገርመው፣ ራሱ ዴካርት ካሬውን ብዙ ጊዜ ሀሀ እያለ ይጽፈው ነበር።

እንግዲህ በእኛ ኪቦርድ እንዴት እናድርጋት? በማይክሮሶፍት ወርድ ኮንትሮል፣ ሺፍትና የእኩል ምልክቱን ባንድነት ተጭኖ ቁጥሯን መጻፍ፣ ከዚያ እነዚያኑ ደግሞ ተጭኖ ወደ መስመር መመለስ ነው። ከ6 ቁጥር ጋር ባንድ ቁልፍ ላይ ያለችው የቆብ ምልክት (10^3) ለማሽን ትበቃለች፤ ያልተነገራት የ7ኛ ክፍል ልጅ ግን በምን ታውቃታለች? ጽሑፉ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲገለበጥ አርቢዋ ወደ መስመር የምትወርድበት ጊዜ ስላለ፣ ከመባዛቱ በፊት በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

ወደ ዴካርት እንመለስ። በ1635 የተወለደችለት ልጁ ፍራንሲን በ1640፣ በአምስት ዓመቷ ሞተችበት። በ1649 የስዊድን ንግሥት ክርስቲና ፍልስፍና እንዲያስተምራት አስጠራችው። የትምህርቱ ሰዓት ከንጋቱ 11 ሰዓት ሆነ፤ ያውም በስቶክሆልም በረዶ፣ ያውም ዕድሜ ልኩን አርፍዶ መነሣት ለለመደ ሰው። በሳንባ ምች ታሞ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1650፣ በ53 ዓመቱ አረፈ። የተወለደባት ላ ሄ ከ1967 ጀምሮ የምትጠራው ዴካርት ተብላ ነው።