ከባሕር ኃይል ወደ መድፈኛ፦ የናፖሊዮን ቦናፓርት የጦር ክፍል ምርጫና ውጤቱ

መግቢያ

የታላላቅ የጦር አዛዦች የሕይወት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ከውጊያ ሜዳ ተነሥቶ ነው። መኰንኑ ወደ ውጊያ ሜዳ ከመድረሱ በፊት በየትኛው የጦር ክፍል ሊያገለግል እንደተወሰነ፣ ውሳኔውም በማን ፈቃድና በምን ግፊት እንደተፈጸመ የሚነሣው ጥያቄ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ይህ አጭር ጽሑፍ የናፖሊዮን ቦናፓርትን ሕይወት ከዚህ ጥያቄ አንጻር ይመለከታል። መከራከሪያውም የሚከተለው ነው፦ ናፖሊዮን በ1785 ወደ መድፈኛ ክፍል መግባቱ ከነፃ ምርጫ ይልቅ ሌሎቹ በሮች በመዘጋታቸው የመጣ ነበር፤ እውነተኛ ምርጫ ያደረገው ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1795፣ ወደ እግረኛ ጦር እንዲዛወር የተሰጠውን ትእዛዝ እምቢ ባለ ጊዜ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቤተሰቡ ሁኔታና የብሪየን ዓመታት

ናፖሊዮን ነሐሴ 15 ቀን 1769 በኮርሲካ ደሴት፣ በአያቺዮ ከተማ ተወለደ። ጄኖዋ ደሴቲቱን ለፈረንሳይ ያስረከበችው በ1768 ነበር፤ በፓስኳሌ ፓኦሊ የሚመራው የኮርሲካ ጦር የተሸነፈውም ናፖሊዮን ሊወለድ ሦስት ወር ሲቀረው ነው። አባቱ ካርሎ ቀድሞ የፓኦሊ ደጋፊ የነበረ ሲሆን ከሽንፈቱ በኋላ ከአዲሶቹ ገዥዎች ጋር ተስማማ፤ የቤተሰቡ መኳንንትነትም በፈረንሳይ መንግሥት ዘንድ ታወቀለት። ይህ ዕውቅና ለክብር ብቻ የተፈለገ አልነበረም። የፈረንሳይ ንጉሥ ለድኻ መኳንንት ልጆች በወታደራዊ ትምህርት ቤቶች ነፃ የትምህርት ዕድል ይሰጥ ስለነበር፣ ካርሎ ሁለት ነገሮችን ማስመስከር ነበረበት፤ የዘር ሐረጉን መኳንንትነትና የኪሱን ባዶነት።

ሁለቱም ተረጋገጡለት። ናፖሊዮን በ1779 መጀመሪያ በኦተን ጥቂት ወራት ፈረንሳይኛ ከተማረ በኋላ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር በሻምፓኝ አውራጃ ወደሚገኘው የብሪየን ወታደራዊ ትምህርት ቤት ገባ። ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድሩት የሚኒም ገዳም መነኮሳት ነበሩ። ልጁ በዘጠኝ ዓመቱ ከቤቱ ተለይቶ፣ በቋንቋውም በድህነቱም ከጓደኞቹ የተለየ ሆኖ ከአምስት ዓመት በላይ በዚያ ቆየ። በሒሳብ ትምህርት የነበረው ብርታት ከሌሎቹ ትምህርቶች ሁሉ ጎልቶ ታየ።

የተዘጉ በሮች

በዘመኑ የሒሳብ ችሎታ ያለው ድኻ ልጅ በፈረንሳይ የጦር አገልግሎት ሦስት መንገዶች ይከፈቱለት ነበር፤ ባሕር ኃይል፣ የጦር መሐንዲስነትና መድፈኛ። ፈረሰኛው ጦር ለፈረስ፣ ለአልባሳትና ለኑሮ ደረጃ የሚጠይቀው ወጪ ከፍተኛ ከመሆኑም በላይ በቤተ መንግሥት ዘመድ ላላቸው ወገኖች የሚመች ነበር። በእግረኛ ጦርም ዕድገት የሚገኘው በአብዛኛው በዘርና በባለሟልነት ነበር።

ለናፖሊዮን መጀመሪያ የታሰበው ባሕር ኃይል ነው። በ1783 ትምህርት ቤቶቹን የሚመረምሩት ሹም ሼቫሊዬ ደ ኬራሊዮ ልጁ ጥሩ መርከበኛ ይወጣዋል ብለው መሰከሩለት። ይሁን እንጂ በሹመቱ የተተኩት ተቆጣጣሪ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ፓሪስ ወታደራዊ ትምህርት ቤት እንዲሄድ መረጡት፤ ከዚያ በኋላ የባሕር ኃይሉ ሐሳብ ቀረ።

ልጁ ራሱ በጉዳዩ ላይ ምን ያህል ያስብ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ አለ። በ1784 የበጋ ወራት፣ ገና ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው፣ ለአጎቱ በጻፈው ደብዳቤ የታላቅ ወንድሙን የጆሴፍን ጉዳይ ያነሣል። ጆሴፍ ለክህነት ታስቦ ሲማር ቆይቶ ድንገት ወታደር ልሁን ብሎ ነበር። ናፖሊዮን የጦር ክፍሎቹን አንድ በአንድ እየመዘነ ወንድሙ ለየትኛውም እንደማይስማማ ይደመድማል። ባሕር ኃይሉ ጆሴፍ የማያውቀውን ሒሳብና ጠንካራ ጤንነት ይፈልጋል፤ መሐንዲስነቱና መድፈኛው ደግሞ የማያቋርጥ ሥራ ይጠይቃሉ። የሚቀረው እግረኛው ብቻ ነው፤ የእግረኛ መኰንንነትን ግን ልጁ ሥራ ፈትነት አድርጎ በንቀት ይመለከተዋል። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የምናየው የጦር ክፍሎች ደረጃ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ለሚወስደው ውሳኔ ቁልፍ ነው። ናፖሊዮን መድፈኛን ያከበረው የሥራና የዕውቀት ክፍል ስለሆነ ነው፤ እግረኛን የናቀውም ያለ ሁለቱ ሊኖርበት የሚቻል ክፍል መስሎ ስለታየው ነው።

በ1784 ጥቅምት መጨረሻ ፓሪስ ገባ። በየካቲት 1785 አባቱ በሞንፔልዬ ከተማ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ሞተ። ባልቴቷ ሌቲዚያ ከስምንት ልጆች ጋር ስትቀር ቤተሰቡ ፈጥኖ ደመወዝ የሚያገኝ ሰው አስፈለገው። የመሐንዲስነት ትምህርት ተጨማሪ ዓመታት ይጠይቅ ነበር፤ የመድፈኛ መኰንንነት ግን ፈተናውን ላለፈ ቶሎ የሚደረስበት ነበር። ናፖሊዮን ሌሎች ሁለትና ሦስት ዓመት የሚወስድባቸውን ዝግጅት በአንድ ዓመት ጨርሶ በመስከረም 1785 ለፈተና ቀረበ። ፈታኙ ስመ ጥሩው የሒሳብ ሊቅ ፒዬር ሲሞን ላፕላስ ነበር። ከተመረጡት 58 ዕጩዎች 42ኛ ሆኖ አለፈ፤ በዐሥራ ስድስት ዓመቱም የምክትል መቶ አለቅነት ማዕረግ ተሰጥቶት በቫላንስ ከተማ ወደሚገኘው የላፌር መድፈኛ ሬጅመንት ተመደበ።

ሙያው የሰጠው ዕውቀት

የ42ኛነቱ ደረጃ ለመሳለቂያ ሲጠቀስ ይሰማል። የዝግጅቱን ጊዜ አጭርነት ላጤነ ግን ውጤቱ ዝቅተኛ አይደለም። ከደረጃው ይልቅ ሊተኮርበት የሚገባው የተመደበበት ክፍል ያኔ የነበረበት ሁኔታ ነው። የፈረንሳይ መድፈኛ በጄኔራል ግሪቦቫል አማካይነት ታድሶ ነበር፤ መድፎቹ ቀለል እንዲሉ፣ ክፍሎቻቸውም ወጥ መለኪያ እንዲኖራቸውና በሜዳ ላይ ፈጥነው እንዲንቀሳቀሱ ተደርገው ነበር። አዲስ ገቢ መኰንን ደግሞ ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት በተራ ተኳሽነት፣ ከዚያም በበታች ሹምነት ማገልገል ነበረበት። ናፖሊዮንም ይህን ግዴታ በቫላንስ በሦስት ወራት ያህል ፈጸመ። መድፍ እንዴት እንደሚጎተት፣ እንደሚጎርስና እንደሚተኮስ በእጁ ሠርቶ ያወቀ መኰንን ሆነ።

ረጅም የዕረፍት ፈቃድ በኮርሲካ ካሳለፈ በኋላ በ1788 ክረምት ሬጅመንቱ ወደሚገኝበት ወደ ኦክሶን መጣ። የኦክሶን መድፈኛ ትምህርት ቤት አዛዥ ባሮን ዣን ፒዬር ዱ ቴይ ወጣቱን መኰንን ቀርበው አሠሩት፤ ቦምብን በተራ መድፍ ስለ መተኮስ በተደረገ ሙከራ ላይም አሳተፉት። የባሮኑ ወንድም ዣን ዱ ቴይ በበኩላቸው በ1778 ባሳተሙት መጽሐፍ መድፍ በግንባሩ ሁሉ ከሚበተን ይልቅ ወሳኝ በሆነው ቦታ ተሰብስቦ እንዲተኮስ አስተምረው ነበር። ኋላ የናፖሊዮን መለያ የሆነው ስልት እንግዲህ መነሻው የዚህ ክፍል ትምህርት ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መድፈኛ ትምህርትን ቢሰጥም ፈጣን ዕድገትን አይሰጥም ነበር። በመድፈኛ ሹመት የሚሰጠው በአብዛኛው በአገልግሎት ዘመን ርዝመት ስለነበር፣ ድኻ መኰንን ሻምበል ሆኖ ጡረታ ቢወጣ አያስገርምም። የጦር ክፍሉ ብቻውን ናፖሊዮንን አላነሣውም፤ ክፍሉ ያስታጠቀውን ዕውቀት ወደ ሥልጣን የለወጠው በ1789 የፈነዳው አብዮት ነው።

አብዮቱና ቱሎን

አብዮቱ እየከረረ ሲሄድ የመኳንንት ልጆች የሆኑ መኰንኖች በብዛት አገር ጥለው ወጡ። ናፖሊዮን በ1792 ሻምበል ሆነ፤ በዚያው ዓመት በኮርሲካ የበጎ ፈቃደኞች ሻለቃ ጦር ሁለተኛ አዛዥ ሆኖ ተመርጦ ነበር። በየካቲት 1793 በላ ማዳሌና ደሴት ላይ በተካሄደው ዘመቻ መድፎቹን እርሱ መራ። መድፎቹ ሥራቸውን በደኅና በጀመሩበት ሰዓት የመርከቡ ባሕረኞች በማመፃቸው ዘመቻው ተቋረጠ፤ መድፎቹንም ትቶ መሸሽ ግድ ሆነበት። ሊቀላቀለው ታስቦ ከነበረው ክፍል ጋር በጦርነት የተገናኘው በዚህ መልክ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ቤተሰቡ ከፓኦሊ ጋር ተጣልቶ ኮርሲካን ለቆ ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ።

በነሐሴ መጨረሻ የቱሎን ወደብ ለእንግሊዝና ለእስፓኝ መርከቦች ተላልፎ ተሰጠ። ከበባውን የሚመሩት ጄኔራል ካርቶ ቀድሞ ሠዓሊ የነበሩ ሰው ናቸው። የመድፈኛው አዛዥ ዶማርተን በመቁሰላቸው ኮርሲካዊው የሕዝብ እንደራሴ ሳሊቼቲ የአገሩን ልጅ በቦታው ተካው። ናፖሊዮን ከተማዋን በቀጥታ ከመደብደብ ይልቅ የመርከቦቹን ማረፊያ የሚቆጣጠረውን የሌጊዬት ጉብታ መያዝ እንደሚበቃ ተከራከረ፤ መድፍ በዚያ ከተጠመደ መርከቦቹ ለመቆየት አይችሉም፤ ያለ መርከብ ደግሞ ከተማዋ አትቆምም። በታኅሣሥ 17 ሌሊት ምሽጉ ተያዘ፤ እርሱም ጭኑ ላይ በሳንጃ ቆሰለ። የጠላት መርከቦች ወዲያውኑ ለቀው ሄዱ። ታኅሣሥ 22 ቀን 1793 በሃያ አራት ዓመቱ የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረግ ተሰጠው።

የ1795 እምቢታ

በ1795 የጸደይ ወራት በምዕራብ ፈረንሳይ፣ በቫንዴ ዐመፅ ላይ በተሰለፈው ጦር ውስጥ የእግረኛ ብርጌድ እንዲያዝ ታዘዘ። የተሰጠው ምክንያት የመድፈኛ ጄኔራሎች ቁጥር ከሚገባው በላይ መሆኑ ነው። ማዕረጉ አልተቀነሰም፤ ናፖሊዮን ግን ዝውውሩን እንደ ውርደት ቈጠረው። የሕመም ፈቃድ እየጠየቀ በፓሪስ ዘገየ፤ ለጊዜው በካርታና በዘመቻ ዕቅድ ቢሮ ሠራ፤ ወደ ቱርክ ሄዶ የሡልጣኑን መድፈኛ ለማደራጀትም ጠየቀ። መስከረም 15 ቀን 1795 ወደተመደበበት ቦታ ባለመሄዱ ስሙ ከጄኔራሎች መዝገብ ተሰረዘ።

የእምቢታው ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም። የቫንዴ ጦርነት የእርስ በርስ ውጊያ ስለነበር ክብር የሚገኝበት አልመሰለውም፤ ዐይኑም ከጣሊያን ግንባር አልተነቀለም። ይሁን እንጂ የመድፈኛ ሰውነቱን አሳልፎ ላለመስጠት ሹመቱን፣ ደመወዙንና የእናቱን ቤት እንጀራ ለአደጋ ማጋለጡ እውነት ነው። በ1785 ድህነት ወደ መድፈኛ ገፍቶት ነበር፤ በ1795 ግን ድህነቱ ወደ እግረኛው ቢገፋው እንኳ አልሄደም። ምርጫ የሚባለው ዋጋ የተከፈለበት ከሆነ፣ ምርጫው ይኸኛው ነው።

ዋጋው ቶሎ ተመለሰለት። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 5 ቀን፣ የንጉሥ ደጋፊዎች በፓሪስ በመንግሥቱ ላይ በተነሡ ጊዜ ባራስ የሚያውቀውን የመድፍ ሰው ፈለገ። ናፖሊዮን የፈረሰኛ መኰንኑን ሙራን ልኮ ከሳብሎን ሰፈር 40 መድፎች በሌሊት አስመጣ፤ ዐመፁም ተደመሰሰ። በመንገድ ላይ ደማቸው የፈሰሰው የፓሪስ ነዋሪዎች ናቸውና ውለታው ንጹሕ አልነበረም። በማግሥቱ ግን ሥራ አጡ ጄኔራል የአገሪቱ ታዋቂ ሰው ሆነ፤ በ1796ም የጣሊያን ጦር አዛዥ ተባለ።

ያልተመረጠው ክፍል

የአንድ ክፍል ትምህርት የሚያሳየው ነገር እንዳለ ሁሉ የሚጋርደውም አለ። ናፖሊዮን በየብስ ላይ ርቀትን፣ ጊዜንና የእሳት ኃይልን ማስላት ያውቅበት ነበር፤ በ1809 በዋግራም ሜዳ ወደ 100 የሚጠጉ መድፎችን በአንድ ቦታ ሰብስቦ የተናጋውን መስመሩን አጸና። ባሕሩ ግን ለዚህ ስሌት አልታዘዘለትም። በነሐሴ 1798 ኔልሰን በአቡቂር ወደብ የፈረንሳይን መርከቦች ሲደመስስ ጦሩ በግብፅ ተቆልፎ ቀረ። በ1805 እንግሊዝን ለመውረር ባወጣው ዕቅድ የመርከብ ጓዶች እንደ እግረኛ ክፍለ ጦር በቀጠሮ ቀን በአንድ ቦታ እንዲገናኙ አዘዘ፤ ነፋስና ማዕበል ግን በትእዛዝ አይመሩም። ዕቅዱ ከከሸፈ በኋላ ጥቅምት 21 ቀን በትራፋልጋር የተከተለው ሽንፈት የባሕር ኃይሉን ተስፋ ዘጋ፤ ስድስት ሳምንት ቆይቶ ያገኘው የአውስተርሊትስ ድልም ይህን አልለወጠውም።

በሐምሌ 1815፣ ከዋተርሉ ሽንፈት በኋላ፣ እጁን የሰጠው ቤሌሮፎን በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ ነው። ኖርዘምበርላንድ የተባለች ሌላ መርከብ ወደ ቅድስት ሄለና ደሴት ወሰደችው፤ በዚያም ግንቦት 5 ቀን 1821 ሞተ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ በአሮጌው የፈረንሳይ ሥርዓት የጦር ክፍል ምርጫ በአብዛኛው የዘር፣ የገንዘብና የትምህርት ቤት ፈተና ውጤት ነበር፤ ዝንባሌ የሚሠራው እነዚህ በተዉት ጠባብ ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ክፍል ለአባሉ የሚሰጠው የአስተሳሰብ መንገድ ከማዕረጉ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ንጉሠ ነገሥቱ የኦክሶንን ትምህርት እስከ መጨረሻው ይዞት ኖሯል፤ ያ ትምህርት ያላስተማረውንም ነገር እስከ መጨረሻው ሳይማር ቀርቷል። ሦስተኛ፣ ግዴታ ሆኖ የተጀመረ ሙያ ኋላ ሰው የሚቆምለት ማንነት ሊሆን ይችላል። የወታደሮችን ሕይወት የሚያጠና ተመራማሪ እንግዲህ የመጀመሪያውን የምደባ ወረቀት ብቻ ሳይሆን፣ ባለታሪኩ ለማዛወር የቀረበለትን ትእዛዝና የሰጠውንም መልስ ሊመረምር ይገባዋል።