መጽሐፍን ከሰማይ ጋር ያመሳከረው ዐብዱራህማን አስ-ሱፊ

የቀደምት ሙስሊም ሊቃውንትን ስም መደርደር ይቀናናል። ምን እንደ ሠሩና እንዴት እንደ ሠሩ ስንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን እንቸገራለን። ዛሬ የአንዱን፣ የዐብዱራህማን አስ-ሱፊን (ረሂመሁላህ) ሕይወት በአጭሩ እንመለከታለን።

አስ-ሱፊ በ291 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ903) በፋርስ ምድር፣ በረይ ከተማ ተወለደ። ኢስፋሃንና ሺራዝ ውስጥ የቡወይህ ሥርወ መንግሥት ገዢ ለነበረው ለዐዱድ አድ-ደውላ በሥነ ፈለክ ሊቅነት አገልግሏል። ገዢውም የከዋክብትን እውቀት ከእርሱ ተምሯል። የሰላትን ወቅትና ቂብላን ለማወቅ ስለሚያገለግለው አስትሮላብም ጽፏል።

በዘመኑ የሥነ ፈለክ ዋና መጽሐፍ በጥሊሞስ ከ800 ዓመታት በፊት በግሪክኛ የጻፈው ነበር። አስ-ሱፊ መጽሐፉን አላጣጣለም፤ በጭፍንም አልተቀበለውም። ከ1,000 የሚበልጡ ከዋክብትን አንድ በአንድ በዓይኑ እየተመለከተ የድምቀታቸውን መጠን መረመረ፤ ያልተስማማውንም አረመ። በ353 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ964) ገደማ የቋሚ ከዋክብትን መጽሐፍ ጽፎ ለአንባቢ አቀረበ።

በዚህ ሥራው፣ መርከብ በሚባለው የከዋክብት ምስል ውስጥ፣ ከደቡብ አድማስ ብዙም ከፍ ሳይል ጉም የመሰለ ኮከብ አየ። ቴሌስኮፕ ገና አልተፈጠረም ነበርና ምንነቱን ሊያውቅ አይችልም። ያየውን ብቻ መዘገበ፤ አንዳች አልጨመረም።

ያ ጉም ዛሬ 500 የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቅ የከዋክብት ስብስብ መሆኑ ታውቋል። እድሜው 50 ሚሊዮን ዓመት ግድም ስለሆነ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ከሞላት ከፀሐያችን ጋር ሲነጻጸር ሕፃን ነው። ከዋክብቱ ከአንድ የጋዝና የአቧራ ደመና የተወለዱ ናቸው። አብረው ቢጓዙም የሚያስተሳስራቸው ስበት ደካማ ነው። እርስ በርስ ሲሳሳቡ ቀላሎቹ ወደ ውጭ ይወረወራሉ፤ የጋላክሲያችን ስበትም የቀሩትን ቀስ በቀስ ይጎትታቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የመጠቀችው ጋያ የተባለች መንኮራኩር ከስብስቡ እምብርት ርቀው የተበተኑትን አባላት ጭምር ለመለየት አስችላለች። ከኢትዮጵያ የሚመለከት ሰው በየካቲትና በመጋቢት ምሽቶች ስብስቡን ወደ ደቡብ፣ ሱሀይል ከተባለው ደማቅ ኮከብ በስተ ምሥራቅ ያገኘዋል።

የከዋክብቱ መራራቅ በአንድ ሰው እድሜ በዓይን አይታይም። እኛም ከአስ-ሱፊ መንገድ የራቅነው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ማየቱን ተውን፤ ቀጥሎ ማንበቡን፤ በመጨረሻ የቀረን በስሙ መኩራራት ነው። ከዋክብቱ የሚበታተኑት አላህ በደነገገላቸው ሥርዓት ነው። የእኛ መራቅ ግን በገዛ እጃችን የመጣ ስለሆነ መመለሱም በእጃችን ነው። ልጆቻችን የሊቃውንቱን ስም ከመሸምደዳቸው ጎን ለጎን፣ የተነገራቸውን መርምረው ያዩትን በታማኝነት መጻፍ ይልመዱ።

አስ-ሱፊ በ376 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ986) ወደ አኼራ ሄደ። ዛሬ በጨረቃ ላይ አንድ ጉድጓድ በስሙ ይጠራል። አላህ ይዘንለት።

ወላሁ አዕለም።