ጃንጎ ራይንሃርት

ጃንጎ ራይንሃርት (ጃንዋሪ 23 ቀን 1910 – ሜይ 16 ቀን 1953) በቤልጅግ ተወልዶ አብዛኛውን ዕድሜውን በፈረንሳይ የኖረ የጃዝ ጊታር ተጫዋችና የዜማ ደራሲ ነበር። የመዝገብ ስሙ ዣን ራይንሃርት ነው። በተለይ የሚታወቀው ሁለት የግራ እጁ ጣቶች በእሳት ከተጎዱ በኋላ የራሱን የአጨዋወት ስልት በመፍጠሩ ነው። በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት

ጃንጎ የተወለደው ሊበርሺ በምትባል የቤልጅግ መንደር ነው። ቤተሰቡ ማኑሽ ከሚባለው የሮማ ሕዝብ ወገን ሲሆን በጋሪ ቤት ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ ይኖር ነበር። ጃንጎ ያደገው ፓሪስ ዳርቻ በነበሩ የሮማ ሰፈሮች ነው። በ12 ዓመቱ ገደማ ባንጆ አገኘና የሌሎችን እጅ እያየ መጫወት ተማረ። ብዙም ሳይቆይ በዳንስ ቤቶች አኮርዲዮን ተጫዋቾችን ያጅብ ጀመር። ኖታ ማንበብ አይችልም ነበር።

የእሳት አደጋ

በ1928፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ የሚኖርበት የጋሪ ቤት ሌሊት በእሳት ተያያዘ። እሳቱን ያስነሳው ሻማ ሲሆን ያባባሰው ደግሞ ባለቤቱ ለሽያጭ የሠራቻቸው የሴሉሎይድ አበቦች ናቸው። ጃንጎ ቀኝ እግሩና ግራ እጁ ክፉኛ ተቃጠሉ። ሐኪሞች እግሩ እንዲቆረጥ ቢፈልጉም እሱ እምቢ አለ፤ ከጊዜ በኋላም መራመድ ቻለ። የግራ እጁ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ግን ወደ መዳፉ ታጥፈው ቀሩ። ለጊታር ተጫዋች ይህ የሥራው ማብቂያ ይመስል ነበር። ሆኖም ወንድሙ ጆሴፍ ጊታር አመጣለት፤ ጃንጎም በሕክምና ላይ እያለ መጫወትን እንደገና ከመጀመሪያው ተማረ።

የአጨዋወት ስልት

ነጠላ ዜማ ሲጫወት የሚጠቀመው በአመልካች ጣቱና በመሃል ጣቱ ብቻ ነበር። ሌሎች ተጫዋቾች እጃቸውን አንድ ቦታ አድርገው በአራት ጣት የሚደርሱበትን ድምፅ እሱ እጁን በጊታሩ አንገት ላይ ወደ ላይና ወደ ታች በፍጥነት እያንሸራተተ ያገኘው ነበር። የተጎዱትን ጣቶች ኮርድ ሲይዝ በቀጫጭኖቹ ሁለት ክሮች ላይ ያሳርፋቸዋል፤ ወፍራሙን ክር ደግሞ አንዳንድ ጊዜ በአውራ ጣቱ ይጫናል። በቀኝ እጁ ክሩን በፒክ ወደ ታች በኃይል ይመታል፤ ወደ ሌላ ክር ሲሻገርም አብዛኛውን ጊዜ እንደገና ወደ ታች በመምታት ይጀምራል። የድምፅ ማጉያ ሳይኖር ጊታሩ ከቫዮሊን ጎን ጎልቶ እንዲሰማ የረዳው ይህ አመታት ነው።

ባለ አምስቱ ቡድን

በ1934 ጃንጎና ቫዮሊን ተጫዋቹ ስቴፋን ግራፔሊ በፓሪስ የፈረንሳይ ሆት ክለብ ኩዊንቴትን መሠረቱ። ሌሎቹ አባላት ጊታር ተጫዋቾቹ ጆሴፍ ራይንሃርትና ሮዤ ሻፑ እንዲሁም ድብል ቤዝ ተጫዋቹ ሉዊ ቮላ ነበሩ። ቡድኑ ከበሮ አልነበረውም። ስለዚህ ምቱን የሚጠብቁት ቤዙና ሁለቱ አጃቢ ጊታሮች ነበሩ። ቤዙ በጣት እየተመታ አብዛኛውን ጊዜ አንደኛውንና ሦስተኛውን ምት ይይዛል። ጊታሮቹ ኮርዱን መትተው ወዲያው የግራ እጅ ጣቶችን በማላላት ድምፁን ይቆርጡታል፤ በተለይ ሁለተኛውና አራተኛው ምት አጭርና ደረቅ ሆኖ ይሰማል። ይህ አጨዋወት በፈረንሳይኛ ላ ፖምፕ ይባላል።

የጦርነት ዓመታትና ፍጻሜ

በ1939 ጦርነቱ ሲጀመር ቡድኑ ለንደን ነበር። ግራፔሊ እዚያው ሲቀር ጃንጎ ወደ ፓሪስ ተመለሰ። ናዚዎች የሮማን ሕዝብ በሚገድሉበት በዚያ ዘመን እሱ በተያዘችው ፓሪስ መጫወቱን ቀጠለ፤ ኑዋዥ የተባለው ዝነኛ ዜማውም በ1940 ተቀረጸ። በ1943 ወደ ስዊዘርላንድ ለመሸሽ ሞክሮ አልተሳካለትም። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946፣ ከዱክ ኤሊንግተን ጋር በአሜሪካ ተዘዋውሮ ተጫወተ። በመጨረሻ ሳሙዋ ሱር ሴን በተባለች መንደር ኖሮ በ43 ዓመቱ በአንጎል ደም መፍሰስ አረፈ።

ቅርስ

የጃንጎ አጨዋወት ዛሬ ጂፕሲ ጃዝ ለሚባለው ሙዚቃ መሠረት ሆኗል። የብላክ ሳባት ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚም በፋብሪካ ሥራ ላይ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ካጣ በኋላ ጊታሩን እንዳይተው ያበረታታው የጃንጎን ቅጂ መስማቱ ነው።