ጆርጅ ቡል፦ ሐሳብን በአልጀብራ ያሰላ መምህር

ጆርጅ ቡል እ.ኤ.አ. በ1815 በእንግሊዝ አገር በሊንከን ከተማ ከአንድ ጫማ ሠሪ ተወለደ። የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ሳይረግጥ በግል ጥረቱ ተምሮ በ16 ዓመቱ መምህር ሆነ፤ በ1849ም በአየርላንድ በኮርክ ከተማ የሒሳብ ፕሮፌሰርነት ተሰጠው።

በ1847ና በ1854 ባሳተማቸው መጻሕፍት፣ የአልጀብራ ምልክት ከቁጥር ሌላ የነገሮችን ስብስብ ሊወክል እንደሚችል አሳየ። ሁለት ስብስቦች ሲባዙ የሚገኘው የጋራቸው የሆነው ብቻ ነው።

ጥቅሙን ከዲላ በስተደቡብ በምትገኘው ወናጎ እንመልከት። ወናጎ የከተማም የወረዳም ስም ነው። በቡና መዝገብ ላይ አንዱ ጸሐፊ ወናጎ ሲል ከተማውን፣ ሌላው ወረዳውን ቢያስብ፣ መዝገቦቹ ሲዋሐዱ ድምሩ ይፋለሳል፤ በድምሩ የሚመደበውም የገበሬው ድርሻ ይዛባል። ከተማውና ወረዳው የየራሳቸው ምልክት ከተሰጣቸው ግን ስሕተቱ ይወገዳል። የወረዳው ምልክት በጌዴኦ ምልክት ሲባዛ መልሶ ወረዳውን ስለሚሰጥ፣ የወረዳው ቡና ሁሉ የጌዴኦ ቡና መሆኑን ኮምፒዩተሩ በራሱ ይደርስበታል። የዛሬዎቹ የጋራ መረጃ ፍቺዎች ከዚህ ዘር የበቀሉ ናቸው።

ቡል በ1864 በዝናብ እንደራሰ ካስተማረ በኋላ በሳንባ ምች ታሞ በ49 ዓመቱ አረፈ። ሥራው ለሙያችን የተወው ትምህርት ግን ሕያው ነው፤ ከስሌቱ አስቀድሞ በስሙ ፍቺ መስማማት ይገባል።