አባ ግሬጎር ሜንዴል፦ አተር የዘሩት መነኩሴ

ስለ ዘር ውርስ በሚሰጠው ትምህርት ሁሉ የሜንዴል ስም ይነሣል፤ ካህንና መነኩሴ እንደ ነበሩ ግን ብዙዎቻችን አናስታውስም። ስለዚህ በዚህ እትማችን ሕይወታቸውን በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜንዴል በ1822 ዓ.ም. ያን ጊዜ በኦስትሪያ ግዛት፣ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ በሚገኝ አንድ መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1838 ዓ.ም. አባታቸው ግንድ ወድቆባቸው ክፉኛ ስለ ተጎዱ የትምህርት ወጪ የሚሸፍን ጠፋ። ታናሽ እኅታቸው ቴሬዚያ ለትዳሯ ከተመደበላት ሀብት ከፍላ ረዳቻቸው፤ እርሳቸውም ውለታዋን ሳይረሱ ኋላ ልጆቿን በትምህርት ረድተዋል።

በ1843 ዓ.ም. በብርኖ ከተማ ወደሚገኘው የአውጉስጢኖሳውያን የቅዱስ ቶማስ ገዳም ገብተው ግሬጎር ተባሉ፤ በ1847 ዓ.ም. ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ። ሕሙማንን መጎብኘት መንፈሳቸውን እጅግ ያውክ ስለ ነበር አበምኔቱ ወደ ማስተማር ሥራ ላኳቸው። ለመምህርነት ሁለት ጊዜ ተፈትነው አልተሳካላቸውም፤ ሆኖም ያለ ማስረጃው ለብዙ ዓመታት በትጋት አስተማሩ።

አስቀድሞ ነጭና ግራጫ አይጦችን በክፍላቸው ያረቡ እንደ ነበርና ጳጳሱ ነገሩን እንዳልወደዱት ይተረካል። ከ1856 እስከ 1863 ዓ.ም. ግን በገዳሙ አትክልት ስፍራ አተር እየዘሩ፣ የአንዱን አበባ ብናኝ በሌላው ላይ እያደረጉ 28,000 ያህል ተክሎችን መረመሩ። ለስላሳውን ዘር ከተጨማደደው ጋር ሲያዳቅሉ የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ለስላሳ ሆነ። በተከታዩ ትውልድ ግን ከ7,324 ፍሬዎች 5,474ቱ ለስላሳ፣ 1,850ዎቹ የተጨማደዱ ሆኑ፤ ሦስት ለአንድ ማለት ነው። ጠፋ የተባለው ጠባይ ተሰውሮ ነበር እንጂ አልጠፋም። ልዩ ልዩ ጠባዮችም በየትውልዱ እንደ ገና እየተከፋፈሉ በአዲስ መልክ እንደሚጣመሩ ተረዱ።

ውጤቱን በ1865 ዓ.ም. በብርኖ ለሊቃውንት አሰሙ፤ በ1866 ዓ.ም. ታተመ። ቁም ነገሩን ያስተዋለ ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1868 ዓ.ም. አበምኔት ሆነው ተመረጡ፤ ከ1874ቱ ሕግ ወዲህም መንግሥት በገዳሙ ላይ የጣለውን ግብር እስከ መጨረሻው ተቃወሙ። ጥር 6 ቀን 1884 ዓ.ም. ዐረፉ።

በ1900 ዓ.ም. ሦስት ሊቃውንት በየበኩላቸው ወደዚያው ሕግ ደረሱ፤ በ1902 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ኩዌኖ ሕጉ በአይጦችም እንደሚሠራ አሳየ። በዘመናችን ደግሞ ብቻቸውን የማያበሩ ሁለት ጎዶሎ ጂኖች የተጨመሩባቸው አይጦች አሉ። ጎዶሎዎቹ ተጣምረው አንድ ሙሉ ጂን ሲሆኑ ሴሉ ያበራል፤ ተመራማሪውም የጂኖች ቅንብር በየትኛው የሰውነት ክፍል እንደ ተለወጠ በዓይኑ ያያል። ይህም የካንሰርን መነሻ ለማጥናት ይረዳል።

እኛስ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? አባ ግሬጎር የድካማቸውን ፍሬ በሕይወታቸው አላዩም፤ ቢሆንም ቆጠራቸውን አላጓደሉም፣ አገልግሎታቸውንም አላቋረጡም። ትምህርተ ክርስቶስ የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ያስተማራችሁት ቃል በልጆቹ ላይ ባይታያችሁ ጠፋ አትበሉ፤ በለስላሳው ፍሬ ውስጥ ተሰውሮ የቆየውን አስቡ።