ሁሉሲ ቤህቼት፦ የአፍን ቁስል ከዓይን ሕመም ጋር ያገናኙት የኢስታንቡል ሐኪም

የአንጎል ግንድ መጠኑ ትንሽ ነው፤ እስትንፋስ፣ የልብ ምት፣ መዋጥና የዓይን እንቅስቃሴ ግን የሚታዘዙት በእርሱ በኩል ነው። በዚህ ስፍራ በኤምአርአይ ምስል ላይ እብጠት ሲታይ የብዙ ሐኪሞች የመጀመሪያ ሥጋት ዕጢ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን የታየው ዕጢ ሳይሆን ብግነት፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ኃይል የቀሰቀሰው መቆጣት ይሆናል። እንዲህ ከሚያሳስቱት ሕመሞች አንዱ የሚጠራው በአንድ ቱርካዊ የቆዳ ሐኪም ስም ነው።

ሁሉሲ ቤህቼት በአውሮፓውያኑ 1889 በኢስታንቡል ተወለዱ። እናታቸውን በልጅነታቸው አጥተው በአያታቸው እጅ አደጉ። በ1910፣ ገና በ21 ዓመታቸው፣ በጦር ሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ፤ ቀጥሎም በቆዳና በአባላዘር በሽታዎች ሠለጠኑ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በኤዲርኔ ጦር ሆስፒታል አገለገሉ፤ ከጦርነቱ በኋላ በቡዳፔስትና በበርሊን ዕውቀታቸውን አዳበሩ። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ቁንጭር ከሚባለው ሕመም ጋር አንድ ወገን የሆነውን የቆዳ ሌሽማኒያሲስንም አጥንተዋል።

ስማቸውን ያስጠራው ግን በ1920ዎቹ አጋማሽ ወደ እርሳቸው የመጣ አንድ ታማሚ ነው። አፉና ብልቱ እየቆሰለ፣ ዓይኑም እየታመመ ለብዙ ዓመታት ከኢስታንቡል እስከ ቪየና መፍትሔ ሲፈልግ ኖሯል። ቂጥኝ ነው ያሉ ነበሩ፤ የነቀርሳ በሽታ ነው ያሉም አልጠፉም። የዓይን ሐኪሙ ዓይኑን፣ የቆዳ ሐኪሙ ቆዳውን ለየብቻ ያዩ ነበር። ቂጥኝን በማከም ለተካነ ሰው ሕመሙን ሁሉ ለቂጥኝ መስጠት ቀላሉ መንገድ በሆነ ነበር፤ ቤህቼት ግን አልተጣደፉም። በ1930 አንዲት ሴት፣ በ1936 ደግሞ ሌላ ወንድ ተመሳሳይ ምልክቶች ይዘው መጡ። በ1937 ሦስቱ ምልክቶች የአንድ በሽታ መገለጫዎች መሆናቸውን በጀርመንኛ አሳተሙ።

የዓይን ሐኪሞች ሐሳቡን ቀድመው ሲቀበሉ ከራሳቸው ሙያ ሰዎች ግን ብርቱ ተቃውሞ ገጠማቸው። ግሪካዊው የዓይን ሐኪም አዳማንቲያዲስም ከእርሳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው ተመሳሳይ ታማሚ ገልጸው ስለነበር፣ በሽታው አንዳንድ ጊዜ በሁለቱም ስም ይጠራል። በ1947 በጄኔቫ በተካሄደ የሕክምና ጉባኤ በቤህቼት ስም እንዲሰየም ሐሳብ ቀረበ። ዓመት ሳይሞላ፣ በመጋቢት 1948፣ በድንገተኛ የልብ ሕመም አረፉ።

ከሜዲትራኒያን ዳርቻ እስከ ጃፓን ባለው ቀጠና በብዛት የሚታየው ይህ በሽታ በመሠረቱ የደም ሥሮችን ያስቆጣል። በጥቂት ታማሚዎች ወደ አንጎል ይዘልቃል፤ ሲዘልቅም የአንጎል ግንድን በተለይ ይመርጣል። የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ዕጢ መስሏቸው ከዚያ አደገኛ ስፍራ ናሙና የወሰዱባቸው አጋጣሚዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል፤ የተገኘው ግን በደም ሥሮች ዙሪያ የተከማቸ ብግነት ነበር። ልዩነቱ የሕይወት ጉዳይ ነው። ለዕጢ የሚታሰበው ቢላዋና ጨረር ሲሆን፣ ይህ እብጠት ግን ብዙውን ጊዜ በስቴሮይድ መድኃኒት ይቀንሳል።

በሽታውን ብቻውን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ እስካሁን የለም። ስለዚህ የአንጎሉን ምስል የያዘው ሐኪም ታማሚውን አፉ በተደጋጋሚ ቆስሎ እንደሆነ፣ ብልቱ ላይ የቁስል ጠባሳ እንዳለ፣ ዓይኑንም አሞት እንደሆነ ሊጠይቀው ይገባል።