ኢብኑል ሀይሠም እና የፊዚክስ ክለሳችሁ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ፈተናው እየቀረበ ነው። ሰሞኑን በውስጥ መስመር የምትጽፉልን ብዙውን ጊዜ ስለ ፊዚክስ ነው፤ ፎርሙላውን ሸምድዳችሁ ጥያቄው ትንሽ ዞር ሲል እንደሚጠፋባችሁ ትነግሩናላችሁ። ስለዚህ የዛሬው የጁምዓ ጽሑፋችን የብርሃንን ምዕራፍ ከአንድ ሰው ሕይወት ጋር የምንከልስበት ይሁን። ሰውየው አቡ ዐሊይ አል-ሐሰን ኢብኑል ሀይሠም ናቸው፣ አውሮፓውያን አልሃዘን የሚሏቸው። ደብተርና እርሳስ አቅርቡ።

በ354 ሒጅሪ ገደማ፣ በፈረንጆቹ 965 አካባቢ፣ ኢራቅ ውስጥ በበስራ ተወለዱ። የታሪክ ጸሐፊው ኢብኑል ቂፍጢ እንደሚተርኩት፣ በሒሳብና በምህንድስና ስማቸው ከገነነ በኋላ አንድ ንግግራቸው ካይሮ ድረስ ተሰማ፦ ግብፅ ቢኖሩ ኖሮ ዓባይን ሲሞላም ሲጎድልም ጠቃሚ ሊያደርጉት እንደሚችሉ ተናግረው ነበር። የፋጢሚዮቹ ኸሊፋ አል-ሓኪም ይህን ሲሰማ ገንዘብ ልኮ አስመጣቸው፤ ከከተማው ወጥቶም ተቀበላቸው።

ሠራተኞች ይዘው ወደ ደቡብ ተጓዙ። በመንገድ ላይ የጥንት ግብፃውያንን ሕንፃዎች እያዩ፣ የልኬታቸውን ትክክለኛነት እየመረመሩ ሲሄዱ አንድ ሐሳብ ይከነክናቸው ጀመር። ይህን የሠሩ ሰዎች ወንዙን መግራት ቢቻል ኖሮ ለምን ተዉት? ከአስዋን በስተደቡብ ፏፏቴው ዘንድ ደርሰው ቦታውን ከግራም ከቀኝም መረመሩ። የውኃው አብዛኛው ክፍል ከእኛው ደጋ እንደሚወርድ፣ በክረምትም እንዴት ሆኖ እንደሚመጣ እናንተ ታውቃላችሁ። በሐሳብ ያማረው በቦታው አልሆነም። (ትልቁ የአስዋን ግድብ የተጠናቀቀው በ1970 እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ።)

ተመልሰው እንደማይቻል ተናገሩ። ይህን ማለት ቀላል አልነበረም፤ አል-ሓኪም ሹማምንቱን የሚያስገድል፣ ጠባዩ የማይጨበጥ ገዥ ነበር። ይቅርታቸውን ተቀብሎ ሥልጣን ሰጣቸው፤ እሳቸው ግን ነገ ምን እንደሚመጣ ፈሩና እንዳበዱ አስመሰሉ። ንብረታቸው ታገደ፤ በቤታቸው ተዘግቶባቸው ኖሩ። ይህም አል-ሓኪም በ411 ሒጅሪ፣ በ1021፣ እስኪሞት ድረስ ቆየ።

ብዙ ሰው የሚወደው የዚህን የእብደት ታሪክ ነው። እኔ ግን ከሱ በፊት ያለው ይበልጥብኛል። ያወቁት የመሰላቸውን ነገር ቦታው ድረስ ሄደው ፈተሹት፤ ፈተናውን ሳያልፍ ሲቀር በስማቸው ላይ ውርደት ቢመጣም ሐሳቡን ጣሉት። «ኪታቡል መናዚር» በተባለው ሰባት ክፍል ባለው መጽሐፋቸው በብርሃን ላይ ያደረጉትም ይህንኑ ነው። አሁን ወደ ክለሳው እንግባ።

ከሳቸው በፊት ዩክሊድና ቶለሚ የምናየው ዓይናችን ጨረር ስለሚልክ እንደሆነ ያምኑ ነበር። ኢብኑል ሀይሠም ቀላል ነገር አስተዋሉ። ፀሐይን ትኩር ብሎ ያየ ዓይን ይታመማል (እናንተ እንዳትሞክሩት)። ብርሃን የሞላበትን መስኮት ለጥቂት ጊዜ አይታችሁ ወደ ጨለማ ብትዞሩ ደግሞ የመስኮቱ ቅርጽ ይከተላችኋል። እንግዲያው ብርሃን ነው በዓይን ላይ የሚሠራው። በሥዕላችሁ ላይ የጨረሩን ቀስት ስትስሉ ሁልጊዜ ከዕቃው ወደ ዓይን ይሁን። ከዓይን ወደ ዕቃው የሚስል ተማሪ ዛሬም አለ!

ቀጥሎ፣ ብርሃን በቀጥታ መስመር ይጓዛል የሚለው። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ግን አይታችሁታል? እሳቸው በርከት ያሉ መብራቶችን በተለያየ ቦታ አስቀምጠው ብርሃናቸው በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ክፍል እንዲገባ አደረጉ። ግድግዳው ላይ ለእያንዳንዱ መብራት አንድ አንድ ብርሃን ታየ። አንዱን መብራት ሲሸፍኑ የሱ ብቻ ጠፋ፤ ሲከፍቱት ተመለሰ። ሁሉም በአንዲት ቀዳዳ ተላልፈው አልተደባለቁም። መብራት በጠፋበት ማታ በሦስት ሻማና በተበሳ ካርቶን ልትሞክሩት ትችላላችሁ። በግራ ያለውን ሻማ ስትሸፍኑ በቀኝ ያለው ብርሃን ሲጠፋ፣ ምስል በቀዳዳ ሲያልፍ ለምን እንደሚገለበጥ ሳትሸመድዱ ይገባችኋል።

ሒሳቡም ከዚያው ይወጣል። በቀዳዳው ሁለት ወገን ሁለት ተመሳሳይ ትሪያንግሎች አሉ። 6 ሜትር የሚረዝም ዛፍ ከቀዳዳው 12 ሜትር ቢርቅና የካርቶኑ ጥልቀት 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 12 ሜትር የ20 ሴንቲ ሜትር 60 እጥፍ ነው። ስለዚህ ምስሉ ከዛፉ 60 ጊዜ ያንሳል፤ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ተገልብጦ።

ሪፍሌክሽን ላይ ሕጉን እሳቸው አላገኙትም፤ ግሪኮቹም ያውቁት ነበር። (እባካችሁ ሁሉን ነገር እኛ ጀመርነው የሚሉትን ጽሑፎች ሼር አታድርጉ።) የሳቸው ድርሻ ፍተሻው ነው። ሰባት መስታወቶች አዘጋጁ፦ አንድ ጠፍጣፋ፣ ከዚያ የሉል፣ የሲሊንደርና የኮን ቅርጽ ያላቸው፣ እያንዳንዳቸው ጎድጓዳና ጎባጣ። ማዕዘን የሚለካ መሣሪያ አሠርተው በሁሉም ላይ ሞከሩ፤ የገባበትና የተመለሰበት ማዕዘን በሁሉም እኩል ሆነ። ጎባጣ መስታወት ሲመጣ የምትደነግጡ ልጆች ይህን ያዙ፤ ሕጉ አልተለወጠም፣ የተለወጠው የኖርማሉ አቅጣጫ ነው። ጠፍጣፋው ላይ ኖርማል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሉል ላይ ግን በሉሉ ማዕከል ያልፋል።

ማዕዘኑ የሚለካው ከኖርማል እንጂ ከመስታወቱ አይደለም። ጨረሩ ከመስታወቱ ጋር 30 ዲግሪ ይሠራል ከተባለ ኢንሲደንት አንግሉ 60 ነው። 30 ደግሞ ከምርጫዎቹ መካከል ተቀምጦ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ወደ ሪፍራክሽን ስንመጣ፣ ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ ሲገባ ወደ ኖርማል ይጠጋል፤ ሲወጣ ይርቃል። ለምን? ጥቅጥቅ ያለው ነገር የብርሃኑን ጉዞ እንደሚያዘገየው ኢብኑል ሀይሠም ጽፈዋል። ጉዞውንም በሁለት ከፍለው አዩት፤ አንዱ ከኖርማል ጋር፣ ሌላው ከውኃው ገጽ ጋር የሚሄድ። እናንተ ቬክተርን በሁለት እንደምትከፍሉት ማለት ነው። ዛሬ ፍጥነቱን በቁጥር እናውቃለን፤ በባዶ ቦታ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በውኃ ውስጥ 225,000 ገደማ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉት፤ 1.33 ታገኛላችሁ። ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ የምትሉት ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። 12 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የውኃ ዕቃ ውስጥ ሳንቲም ጣሉና ልክ ከላይ ሆናችሁ እዩት፤ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ የጠለቀ ይመስላል፣ 12 ሲካፈል ለ1.33።

ሳይን ያለበትን ሕግ ግን በሳቸው መጽሐፍ አታገኙትም። በሥሌት ዘዴ ሳይሆን በጂኦሜትሪ ሥዕል የደረሰበት በባግዳድ ኢብኑ ሰህል ነበር፣ በ984 አካባቢ። ዓይንን በተመለከተም ተሳስተዋል፤ ምስሉን የሚቀበለው የዓይን ሌንስ እንደሆነ አስበው ነበር። ሬቲና ላይ ተገልብጦ እንደሚያርፍ ያስረዳው ኬፕለር ነው፣ በ1604፤ እሱም መጽሐፋቸውን በላቲን ትርጉም ያነበበ ሰው ነው።

ከእስር ከወጡ በኋላ በአል-አዝሀር መስጂድ በር አጠገብ ተቀመጡ። መተዳደሪያቸው መጽሐፍ በእጅ መገልበጥ ነበር። ኢብኑል ቂፍጢ እንደሚሉት በየዓመቱ የዩክሊድን፣ የቶለሚን አልመጅስጢ፣ ከሁለቱ መካከል የሚነበቡትንም መጻሕፍት ገልብጠው በ150 ዲናር ይሸጡና በዚያ ዓመቱን ይኖሩ ነበር። አስቡት፤ ያንኑ መጽሐፍ በየዓመቱ፣ ቃል በቃል። ከዚያው ከቶለሚ ጋር ግን በብዙ ነጥብ አልተስማሙም፤ «አሽ-ሹኩክ ዐላ በጥለምዩስ» የተባለ መጽሐፍ ጽፈው ስሕተት ያሉትን አንድ በአንድ አወጡ። በ430 ሒጅሪ፣ በ1040 ገደማ፣ ካይሮ ውስጥ አረፉ። ረሒመሁላህ።

የሚቀጥለው ጁምዓ ሌንስን እንከልሳለን፣ ኢንሻአላህ። እስከዚያ የሻማውን ሙከራ የሠራችሁ፣ ግድግዳው ላይ ያያችሁትን ሥላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን። አላህ ፈተናውን ያግራላችሁ።